አባባ በቀይ ያልጻፈው

ባለፈው ጥር የወንድሜ ልጅ የሰርግ ጥሪዋን ከቦንጋ በስልክ ስትልክልኝ፣ እዚህ ድሬዳዋ ሙቀት ውስጥ ተቀምጬ የመቃ ብዕር ወረቀት ሲፍቅ ሰማሁ። ጥሪው የተጻፈው በአባባ እጅ ነበር። አባባ ከሞተ ስንት ዘመኑ!

«አክስቴ፣ ፎንቱ አያምርም? ‹የቦንጋ ቀጭን› ይሉታል፤ እዚህ ያሉ ልጆች ከጋሽ ሸምሱ ሱቅ ሰሌዳ ገልብጠው ነው የሠሩት» አለችኝ።

«የማን እጅ ነው አሉ?»

«ፎንቱ ላይ ‹ጸሐፊው አይታወቅም› ይላል።»

አይታወቅም!

አባባ የቤተ ክርስቲያን ጸሐፊ ነበር፤ በደርግ ጊዜ ብራና የሚያስጽፈው ሲጠፋ በዚያው ብዕር ለከተማው ይጽፍ ነበር። ክረምት ዝናቡ አላስወጣ ሲል ከድስት ቂጥ ጥላሸት ፍቆ ቀለም ይበጠብጥ፣ በጋ ሲገባ የሰርግ ጥሪ፣ የማንኪራ መንደር ማር ቆርቆሮ ላይ የባለቤቱን ስም፣ የሱቅ ሰሌዳ ይጽፍ ነበር። ፊደሉ እንደ ሰንበሌጥ ቀጥ ያለ፣ እግሩ የረዘመ፣ ወገቡ የሰለለ ነበር። ጋሽ ሸምሱ ሰሌዳቸውን ሲረከቡ «ገብረሥላሴ፣ ፊደልህ ጦም አዳሪ ነው እንዴ?» ቢሉት፣ «ሱቅዎ ይወፍርና ፊደሉም ይወፍራል» አላቸው።

ቀይ ቀለሙን ግን በትንሽ ቀንድ ለብቻ ያስቀምጥ ነበር። ቀይ ለአምላክ፣ ለእመቤታችንና ለቅዱሳን ስም ብቻ ነው፤ የእኔን ስም እንኳ ለምኜው በቀይ አልጻፈልኝም።

አንድ ዓመት ለመስከረም ሁለት ቀበሌው አቡጀዲ አምጥቶ መፈክር በቀይ እንዲጽፍ አዘዘው። ጻፈው፤ በጥቁር። በቀበሌው አዳራሽ በተጠራ ስብሰባ ሊቀመንበሩ አስነሣው።

«ቀይ ቀለም የለህም?»

«አለኝ።»

«ታዲያ?»

«እሱ ለሌላ ነው።»

«ይህ ሰው ፀረ አብዮት ነው የምትሉ፣ እጅ!» ሲባል፣ የሰርጋቸውን ጥሪ የጻፈላቸው ሰዎች እጃቸውን አነሡ። እናቴ ሥር ቆሜ አይቻለሁ። ጋሽ ሸምሱ ብቻ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ቆሙ። አባባ ታስሮ ገናም ፋሲካም አለፈ፤ ሲመለስ የቀኝ እጁ ጣቶች አይታጠፉም ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ብዕር አልያዘም። ጋሽ ሸምሱም ሰሌዳውን አውርድ ቢባሉ አላወርድም ብለው ኖሩ።

ያኔ አንድ ጥሪ ለመጻፍ አባባ አማትቦ ይጀምር፣ ቀለሙ እስኪደርቅም እንዳንተነፍስበት ያባርረን ነበር። ዛሬ ማንም በጣቱ ነክቶ በእሱ እጅ ይጽፋል፤ የልጃችን ጥሪ እንኳ ከላይ እስከ ታች ቀይ ነው። እሷ ምን ታውቃለች፣ ማን ነገራት? ያን ቀን እጃችሁን ያነሣችሁ እናንተ ግን ታውቃላችሁ። ቂም ይዤ እንዳልቆርብ ከንስሐ አባቴ ጋር ስንት ጊዜ ታግያለሁ፤ ቁጣው ግን አልወጣልኝም።

በዚያ አዳራሽ የነበራችሁ፣ ይቅርታ ጠይቁኝ አልላችሁም፤ እሱ የእናንተና የፈጣሪ ነው። እኔ ብናገር «ልጁ ስለሆነች ነው» እባላለሁ። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ፤ ፎንቱን ከሠሩት ልጆች ዘንድ ሂዱና ያን ቀን ያነሣችሁትን እጅ ዛሬም አንሥታችሁ፣ «የጻፈው ገብረሥላሴ ነው፤ እኛ እናውቀዋለን» በሉ።