ስሙን በመዝሙሩ መሃል የከተተው ሰው

ሶዶ ውስጥ የሙዚቃ ኖታ ማንበብ ያለ አስተማሪ የተማረ ሰው ቢፈለግ፣ የሚገኘው እኔ ቤት ነው። የመዘምራኖቻችን መሪ ዲፕሎማ አለው፤ ኪቦርዱ ምት ካልመታለት ግን መዝሙር የት እንደሚጀመር አያውቅም።

ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጭ በገዛሁት መጽሐፍ ውስጥ፣ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት በአውሮፓ የኖረ የቤተ ክርስቲያን ዜማ ደራሲ አገኘሁ። ያለ ጋብቻ የተወለደ ነው፤ በካቴድራል ዘማሪነት አድጎ መኳንንትና ጳጳሳት የሚሻሙበት ሰው ሆነ። የፍቅር ዘፈን ዜማ ወስዶ ቅዳሴ ሠርቶበታል፤ እኛ ዘንድ ቢሆን በማግስቱ ከአባልነት ይታገድ ነበር። በእርጅናው ለእመቤታችን በአራት ድምፅ የሚዘመር ጸሎት ደረሰና መሃሉ ላይ «ማረው» ብሎ የገዛ ስሙን አስገባ። ነፍሱ ስትወጣ አልጋው አጠገብ እንዲዘመርለትም ተናዘዘ። ዘማሪዎቹ ግን አልደረሱለትም፤ የዘመሩት ለሬሳው ነው።

እኔ እንዲህ አልሞኝም አልኩ፤ በሕይወት ሳለሁ መስማት አለብኝ። ቃሉን ወደ ወላይትኛ መለስኩ፣ ለእመቤታችን የቀረበውን ልመና ለእኛ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን እንዲስማማ ወደ ጌታ አዞርኩ፣ በእሱ ስም ቦታ የኔን ተካሁ።

የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ጠሩኝ። ሰብሳቢያቸው ቦዲቲ ላይ ቆርቆሮ የሚነግድ ሰው ነው።

«አባባ፣ መዝሙሩ ግሩም ነው። ስምዎ ግን ይውጣ» አለ።

«እሱ አስገብቶ የለም እንዴ?»

«እሱ ሞቷል።»

«እኔም ስሞት ታስገቡልኛላችሁ ማለት ነው?»

«ያኔማ በለቅሶው ላይ ስምዎን የማይጠራ ማን ይኖራል!» ሁሉም ሳቁ።

ስሜ ወጣ። ሌላ ቃል ግን አላስገባም ብዬ ቦታውን ባዶ ተውኩት፤ አራት ምት ዝምታ። ማን እንደጎደለ ይታወቅ።

እሑድ ተዘመረ። በእኛ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ዝም ካሉ ጉባኤው «አሜን» ይላል፤ ይህ በየትኛውም ኖታ ላይ ስለማይጻፍ አላሰብኩትም። ዝምታዬ ላይ ሲደርሱ፣ ከሻንቶ የመጡት እንግዶች ሳይቀሩ «አሜን!» አሉ። እልልታው ቀለጠ። ባለ ዲፕሎማው ያለቀ መስሎት እጁን አወረደ፤ መዘምራኑ ተቀመጡ። ግማሹ ገና ነበር።

የዚያ ሰው ዘማሪዎች ዘገዩበት፤ የኔዎቹ ቀድመው ተቀመጡ።

በር ላይ ሰብሳቢው እጄን ጨብጦ፣ «አይዞዎት አባባ፣ ለቀብርዎ ሙሉውን እናስዘምራለን» አለኝ።

«ኖታውን ማን ያነብላችኋል?» አልኩት።

ዝም አለ። እኔም «አሜን» አልኩና ወረቀቴን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩ።