የጋሼ ዘነበ ማርሚታ

የስፌት መኪናዬ ሰሞኑን መንጫጨት አብዝታ ነበርና ደብረ ብርሃን ካለው ሱቄ በረንዳ ላይ አውጥቼ ዘይት አጠጣኋት። ቀጭኑ ዘይት ብረቱ ውስጥ ሰርጎ ሽታው ሲነሣ ጨርቁን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። በሐሳቤ መንዝ፣ ባደግሁባት ሞላሌ፣ የጋሼ ዘነበ ቤት መደብ አጠገብ ቆሜ ነበር። መደቡ ላይ የበግ ጠጉር ባና ተነጥፏል፤ ባናው ላይ የተፈታታ ጠመንጃ ተዘርግቷል፤ እሳቸው አቀርቅረው እያንዳንዷን ብረት ይወለውላሉ። እናቴ «የእነ ዘነበ ቤት ከወጥ ሽታ የዘይት ሽታ ይበዛዋል» እያለች ታማቸው ነበር። እውነቷን ነው። እኔ ግን ያን ሽታ እስከ ዛሬ ከማንም ሽቶ አስበልጬ እወደዋለሁ።

ጋሼ ዘነበ አጥር የሚያዋስነን ጎረቤታችን ነበሩ። ቀጭን፣ ረጅም፣ የበግ ጠጉር በርኖሳቸውን በጋም ክረምትም የማያወልቁ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው ባሌ ወርደው የውጭ አገር አዳኞችን እየመሩ ብዙ ዓመት ኖረዋል። መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ይዘውት የመጡት ሀብት አንድ የአደን ጠመንጃ ብቻ ነበር፤ አሠሪያቸው በስጦታ የሰጧቸው፣ ወረቀቱ የተሟላ። ትጥቅ ይመዝገብ በተባለ ሰሞን ብዙ ሰው ጠመንጃውን ሣር ክዳን ውስጥ ሲሸጉጥ እሳቸው ከሁሉ ቀድመው መሐል ሜዳ ከተማ ሄደው አስመዘገቡ።

በእኛ አገር ጠመንጃ ያለው ሰው ብርቅ አይደለም። ሰው የሚኮራው በጩኸቱ ነው። ንግሥ ላይ፣ ሠርግ ላይ፣ ለቅሶ ላይ ሲተኮስ ሽማግሌዎቹ ጆሯቸውን ቀስረው «ይቺ የእገሌ ናት» ይባባላሉ። የጋሼ ዘነበ ኩራት ግን ሌላ ነበር። እሳቸው የሚመኙት ጠመንጃቸው ዝግ ብሎ እንዲናገር ነው። ባሌ ሳሉ አንድ ጆሮው የደከመ አዳኝ አፈሙዙ ላይ የሚጠለቅ ወፍራም የብረት ቱቦ፣ የድምፅ ማፈኛ፣ ይዞ መጥቶ ነበር። ያን ቀን የሰሙትን ተኩስ ሌላ ሰው የሠርጉን ዘፈን በሚያስታውስበት ደስታ ያስታውሱት ነበር። ከዚያ ወዲህ የዚህ ነገር ፍቅር ያዛቸው። ከፈረንጆቹ መጽሔት ቀደው ያመጧቸውን የማፈኛ ሥዕሎች ከቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ዝቅ አድርገው ግድግዳው ላይ ለጥፈዋቸዋል፤ እንግዳ ከመጣ ስለ እነሱ ሳይሰማ አይወጣም።

ከመሐል ሜዳ የሚመጣው አውቶቡስ ሲቆም ሌላው ሰው ዘመዱን ሊቀበል ወደ በሩ ይሮጣል። እሳቸው ወደ ኋላ ዞረው ከጭስ መውጫው አጠገብ ቁጢጥ ይላሉ። «ስማ፣ ማርሚታህ ተበስቷል» ይሉታል ሾፌሩን። አንድ ቀን ሾፌሩ ቢሰለቸው «ጋሼ፣ ለጠመንጃዎም ማርሚታ ይግጠሙለታ!» አላቸው። «እሱኑ ነው የምፈልገው» ብለውት አረፉ። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስማቸው ዘነበ ማርሚታ ሆነ። እሳቸውም ቅር አላላቸውም።

ሰው ቢስቅም እኔ ምክንያታቸውን አውቀው ነበር። ምክንያታቸው ባለቤታቸው እትዬ ወርቅነሽ ናት። «እርስዎ ካልሽኝ አረጀሁ ማለት ነው» ብላ አንቺ እንድላት ያስለመደችኝ፣ ሳቋ ከአጥር ወዲህ የሚሰማ ሴት ነበረች። መንግሥት የተለወጠበት ጦርነት ሊያበቃ ሲል፣ መንገድ ዳር ባለው በወንድሟ ቤት ሳለች፣ ጥይት ግድግዳውን አልፎ ወንድሟን ጭኗ ላይ ገደለባት። ከዚያ ወዲህ ተኩስ ስትሰማ ልቧ ይጠፋል። ቤት ውስጥ ከሆነች ጆሮዋን ይዛ አልጋ ሥር ትገባለች፤ ደጅ ከሆነች እግሯ ወዳመራት ትሮጣለች። ጠበል ተጠመቀች። ጠበሉ እንቅልፏን መለሰላት፤ ተኩሱን ግን አላስቻላትም። ጋሼ ዘነበም ካገቧት ጀምሮ አንድ ጥይት ተኩሰው አያውቁም ነበር፤ ጠመንጃቸውን ይፈቱታል፣ ይወለውሉታል፣ መልሰው ይገጥሙታል። እናቴ «የማትታለብ ላም!» ትላለች።

የእናቷ ለቅሶ ዕለት የመጀመሪያው ጥይት ሲጮህ ወርቅነሽ ከሐዘንተኛው መሐል ተነሥታ ገብስ ለገብስ ሮጠች። ፈልገው ሲያገኟት ቀብሩ አልቆ ሰው እየተበተነ ነበር። መንዝ ውስጥ ወላጅን ቆሞ አለማልቀስ ምን ያህል ነውር እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይቸግራል። ገበያ ስትወጣ «እናቷን ያላለቀሰችው» ሲሏት በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ አፋቸውን ይያዘውና! አባቷ ባሻ ደምሴ ደግሞ አርጅተው አልጋ ይዘው ነበር። ባሻ የድሮ ወታደር ናቸው፤ ሲሞቱ አገሩ ጠመንጃውን አንግቦ እንደሚመጣ ማንም ያውቃል። አንድ ቀን አጥሩ ሥር ከእናቴ ጋር ቆማ «የእናቴ ይበቃኛል። አባቴንም ሳላለቅስለት ከቀረሁ አብራችሁ ቅበሩኝ» ስትላት፣ ጋሼ ዘነበ ጓሮ ሆነው ሰሙ። በማግስቱ አዲስ አበባ ሄዱ።

ማፈኛው በብዙ ምልልስ መጣ። የቀድሞ አሠሪያቸው ሊያስመጡላቸው እሺ አሉ፤ ፈቃዱን ለማግኘት ግን ጋሼ ዘነበ ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተቱ ክረምቱ ገብቶ ወጣ። «ዛሬ ሄደህ ነገ ና» ሲሏቸው በማግስቱ በር ሳይከፈት ይደርሳሉ። መጨረሻ ላይ ማፈኛውን በባና ቁራጭ ጠቅልለው መሐል ሜዳ ይዘውት ሲሄዱ፣ መዝጋቢው ፖሊስ አገላብጦ አይቶት «ይሄ ጠመንጃ ነው ወይስ ዕቃ?» አላቸው። «እሱን አንተ ታውቃለህ። ብቻ ከጠመንጃው ጋር መዝግብልኝ፤ ያልተመዘገበ ነገር ቤቴ አያድርም» አሉት። ይህን ሲያወሩ ድምፃቸው የመኳንንት ድምፅ ይሆን ነበር።

ወሬው ሞላሌ ሲደርስ ሳቁ ወደ ጥርጣሬ ተለወጠ። «ድምፅ የሌለው ጠመንጃ ለሌባና ለደመኛ ካልሆነ ለማን ይሆናል?» ተባለ። ጋሼ ዘነበ ሐሜትን የሚያሳድሩ ሰው አልነበሩም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴው ላይ ተነሡና ማፈኛውን ከነወረቀቱ ለቄሱ አቀበሉ። «ይኸው ብረቱ፣ ይኸው የመንግሥት ማኅተም። የምተኩሰውም ሰው ሁሉ በሚያየኝ ሜዳ ላይ ነው። መጥታችሁ እዩ» አሉ። ከሰዓት ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ገደል ሥር ጣሳ አቁመው ሲተኩሱ ግማሹ ሞላሌ ተሰልፎ ነበር። ሰዉ ምንም ላይሰማ ተዘጋጅቶ ሳለ ተኩሱ ድፍን ብሎ ተሰማ፤ ቅር አለው። «ዝም አላለም እኮ!» አሉ አንድ ሽማግሌ፣ የተታለሉ መስሏቸው።

«ዝም አያሰኘውማ። ቁጣውን ነው የሚወስድለት» አሏቸው ጋሼ ዘነበ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሞላሌ አላየም፤ እኔ ግን አይቻለሁ። ጋሼ ዘነበ መጀመሪያ ከወንዙ ማዶ ሆነው ተኮሱ። ወርቅነሽ በሩን ዘግታ፣ እኔን አጠገቧ አስቀምጣ ጠበቀች። ከሩቅ አንድ ነገር ደፍ ሲል ጣቶቼን ጨመቀቻቸው። «ምን ይመስላል?» አለችኝ። «ባና ሲራገፍ» አልኳት። አሰበችና «አይደለም፤ የገብስ ጆንያ ከአህያ ሲወድቅ ነው» አለች። ጣቶቼን ሳትለቅ ሳቀች። በሌላ ቀን ትንሽ ቀረቡ፤ በሌላው ደግሞ ትንሽ። እሷም ከጓዳ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ አጥሩ ወጣች። የማይሆንላት ቀን ነበር፤ ገና ጠመንጃውን ስታይ ፊቷ ይጠቁራል። ለሰው ሁሉ ቁጡ የሆኑት ጋሼ ዘነበ ያን ጊዜ ማፈኛውን ነቅለው በባናው ይጠቀልሉታል፣ «በይ ምሳ እንብላ» ይሏታል። ከሰው ሁሉ አብልጬ የወደድኳቸው ያኔ ነው።

ባሻ ደምሴ ገብስ ሊታጨድ ሲል ሞቱ። በማለዳ ከግሼና ከማማ ወረዳዎች የሚመጣው ሰው ሜዳውን ሞላው፤ ጠመንጃው እንደ አጥር ቆሟል። ወርቅነሽ ነጠላዋን አገልድማ፣ ለለቅሶው ተጭና ከቀረበችው ከአባቷ በቅሎ አጠገብ ቆማለች። ዓይኗ የአባቷን በቅሎ ሳይሆን ጠመንጃዎቹን ነበር የሚያየው። የባሻ ታናሽ ወንድም አያ በቀለ፣ ቁጣቸው የታወቀ ሰው፣ ተኩሱን ሊያስጀምሩ እጃቸውን ሲያነሡ ጋሼ ዘነበ ወደ ሜዳው መሐል ገቡ።

«አያ በቀለ፣ አንድ ነገር ልለምን። ለባሻ የሚተኮሰው የእኔ ጠመንጃ ብቻ ይሁን። ሌላው ይዘቅዘቅ።»

አያ በቀለ ጆሯቸውን ማመን አቃታቸው። «ለደምሴ? ያ ማርሚታ የገባለት? ወንድሜ ውሻ ነው እንዴ የሞተው?» በለቅሶ መሐል ጥቂት ሰው ሳቀ። እኔ በአፍረት መሬት ብትውጠኝ ወደድኩ።

ጋሼ ዘነበ አልተቆጡም። «ባሻ ጥይቱን ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲሰሙት ኖረዋል፤ አልራባቸውም። የቀረችው ልጃቸው ናት። ይቺ ልጅ ዛሬ ከሮጠች እናቷንም አባቷንም አላለቀሰች። እናንተ ትተኩሳላችሁ፣ እሷ ግን ዕድሜ ልኳን ትሰማዋለች። ፍረዱ» አሉ።

አያ በቀለ ወደ ወርቅነሽ ዞሩና ብዙ አዩዋት። ከዚያ ያ ቁጡ ሽማግሌ የራሳቸውን ጠመንጃ ከትከሻቸው አውርደው አፈሙዙን ወደ መሬት ዘቀዘቁት። አጠገባቸው ያለው ዘቀዘቀ። ቀጥሎም ሌላው፤ እስከ ሜዳው ጫፍ ድረስ። ጋሼ ዘነበ አፈሙዛቸውን ወደ ሰማይ አድርገው ተኮሱ። የወርቅነሽ ሁለት እጆች ወደ ጆሮዋ ተነሡ። እጆቿ ጆሮዋ ጋ አልደረሱም፤ መንገድ ላይ ቆሙና ወደ ደረቷ ወረዱ። ደረቷን መታች፤ ድምፅዋም ወጣ፤

እናቴን ስሸኛት ጥይት አባረረኝ፣
ዛሬስ ካንተ ደጃፍ ማንስ ይነቀንቀኝ!

ሜዳው በአንድ ጊዜ ገነፈለ። አያ በቀለ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቁ። «ደምሴ ድምፅሽን ሰማ! ሰማሽ ልጄ!» ይላሉ። ጋሼ ዘነበ ደጋግመው ተኮሱ፤ በእያንዳንዱ ተኩስ ላይ የእሷ ድምፅ ከፍ ብሎ ይሰማል። ከዚያ በኋላ ወርቅነሽን በገበያ መሐል ስም የሚያወጣላት አልተገኘም። እኔም ያን ቀን ለማያውቁኝ የግሼ ሰዎች ሳይቀር «እሳቸው እኮ ጎረቤታችን ናቸው» እያልኩ ስዞር ዋልኩ። ሕፃን ብሆንም ምን እንዳየሁ አውቄ ነበር።

ጋሼ ዘነበ ካረፉ ቆይተዋል። ወርቅነሽ ጠመንጃውንም ማርሚታውንም ከነወረቀቱ ወስዳ ለፖሊስ መለሰች፤ «ባለቤቱ በሕግ ነው የያዘው፤ በሕግ ይመለስ» አለች አሉ። እሷም ብዙ ሳትቆይ ተከተለቻቸው። ልጅ አልወለዱም። ቤታቸውን ሌላ ሰው ገዝቶ ቆርቆሮ አልብሶታል፤ ሳልፍ እዚያ ማን ይኖር እንደነበር የሚያወራ ሰው የለም፣ ይህ ያበግነኛል።

ባለፈው ዓመት ለአጎቴ ለቅሶ ሞላሌ ሄጄ ነበር። ጠመንጃ ያነገቱ ጎረምሶች ተሰልፈዋል። ተኩስ ሊጀመር ሲል መሪያቸው፣ ከልጄ የማይበልጥ ልጅ፣ ወደ ሐዘንተኞቹ ቀርቦ ባርኔጣውን አወለቀና «ተኩስ የማይችል አለ?» ብሎ ጠየቀ። ሕፃን የታቀፈች አንዲት ሴት እጇን አወጣች። ልጁ ዞሮ ምልክት ሰጠ፤ ጠመንጃዎቹ ሁሉ ያለ አንዳች ማጉረምረም ተዘቀዘቁ። ማንም አልሳቀም፣ ማንም አልጠየቀም። ለቅሶው ቀጠለ።

ሰው ሲረጋጋ ልጁን ጠርቼ ይህን ማን እንዳስተማራቸው ጠየቅሁት። ጥያቄዬ ገረመው።

«ማንም አላስተማረንም፣ እትዬ። ከጥንት የመጣ የአገራችን ወግ ነው» አለኝ።

ሐዘን ቤት ባይሆን እልል ባልኩ። እንባዬን በነጠላዬ ጠረግሁ።

«ጥንት ያልከው ሰው ጎረቤቴ ነበር» አልኩት። «ዘነበ ይባላል።»