ሊዝበን ለቅሶ የደረስኩ ቀን

እኔን ብሎ ቱሪስት። ሰባ ምናምን ዓመቴ ነው፣ ምናምኑን እንኳ በደንብ አላውቀውም። ዕድሜዬን ሙሉ ከቤት ገበያ፣ ከገበያ ቤት ስል ኖሬ፣ በስተርጅና አንገቴ ላይ ሬዲዮ ተንጠልጥሎልኝ፣ ጆሮዬ ውስጥ ባቄላ የሚያህል ነገር ተወትፎልኝ፣ ጃንጥላ የያዘ ጎረምሳ ተከትዬ የፈረንጅ ድንጋይ ስረግጥ ዋልኩ። ጉልበቴ ሮቢንስዴል፣ በረዶ አገር፣ ያለችውን የቤቴን አራት ደረጃ ሲወጣ የሚነጫነጭ ጉልበት ነው። ሊዝበን ደግሞ ከተማው በሙሉ ደረጃ ነው። ቤቴ ብቀመጥ ማን ይቀየመኝ ነበር?

ልጄ ትቀየመኝ ነበር። ነገሩ ሁሉ ከእሷ ነው የመጣው።

ባለቤቴ የሞተው ከገና በፊት ነው። ሦስት ዓመት ታሞ፣ በሳምንት ሦስቴ መኪናውን እየነዳ ለኩላሊት እጥበት፣ ለዲያሊሲስ ሲመላለስ ቆይቶ ሞተ። እኔ አላለቀስኩም። እኛ ዘንድ ደግሞ ባለ ሐዘኗ ካላለቀሰች ለቅሶ ሊደርስ የመጣው ሁሉ ይቸገራል። ሰው ከበር ጀምሮ እየጮኸ ሲገባ ተነስተሽ አብረሽው መጮህ አለብሽ። ከጎረቤት ከተማ ከሴንት ፖል የመጣች አንዲት ሴትዮ ከፓርኪንጉ ጀምራ ደረቷን እየደቃች መጣች። እኔ በሩን ከፍቼ፣ "ጫማሽን እዚያው አራግፊው፣ በረዶው ምንጣፉን ያበላሻል" አልኳት። ለቅሶዋ ጉሮሮዋ ላይ ቀረ። እስካሁን ቤተክርስቲያን ስታየኝ ፊቷን ታዞራለች።

ጨክኜ አይደለም። ጥርስ ሐኪም ቤት መርፌ ሲወጉሽ ከንፈርሽ ያንቺ አልመስልሽ ይላል አይደል? እንደዚያ ነበርኩ፣ ከጸጉሬ እስከ ጥፍሬ። እበላለሁ፣ እቀልዳለሁ፣ እተኛለሁ። ሲቆነጥጡኝ ግን አይሰማኝም።

ልጄ ነርስ ናት፣ አብረን ነው የምንኖረው። አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ ጃኬቷን እንኳ ሳታወልቅ አጠገቤ ተቀመጠች።

"እማዬ፣ ሳታለቅሺ አራት ወር ሊሆንሽ ነው። ሄልዚ አይደለም።"

"ምን ላድርግ፣ ሽንኩርት ልላጥ?"

"ቀልዱን ተይው። አባዬን ቀበርኩ። አንቺን ደግሞ እንዲህ ደርቀሽ ሳይሽ እፈራለሁ። አንዴ አልቅሺልኝ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም።"

እሷም ራሷ ገና አላለቀሰችም። የቀብሩን ወረቀት፣ የሆስፒታሉን ወረቀት፣ የእንግዳውን ምግብ፣ ይህን ሁሉ ለማሟላት ስትሯሯጥ ጊዜ አላገኘችም። ቦታ መቀየር ጥሩ ነው ብሏታል አንድ አብሯት የሚሠራ ዶክተር። ፈቃድ ወሰደችና ሊዝበንን ቡክ አደረገች።

"ምን አለ እዚያ?" አልኳት።

"ኦልድ ታውን አለ። ዎኪንግ ቱር እንሄዳለን።"

"በእግሬ ልታስኬጂኝ ነው በአውሮፕላን የምትወስጂኝ?"

አልሳቀችም።

እንግዲህ ሊዝበንን የሚያስጎበኘን ጋይድ ጎረምሳ ነው፣ ጺሙን አሳምሮ የተላጨ። ጠራራ ፀሐይ ላይ ቢጫ ጃንጥላ ወደ ላይ ቀስሮ ይሄዳል፣ እኛ አሥራ አምስት የምንሆን ሰዎች እንከተለዋለን። ለጥምቀት ጃንጥላ ተከትዬ አውቃለሁ፣ ያኔ ግን ታቦት አለ። ይሄኛው ጃንጥላ ብቻውን ነው። እልል ልበል አልኳት ልጄን፤ ክንዴን ጨበጥ አደረገችኝ፣ ዝም በይ ማለቷ ነው።

መንገዱ ነጫጭ ትናንሽ ድንጋይ ነው፣ ከሰው እግር ብዛት ሳሙና ሆኗል። ቤቶቹ ግድግዳቸው እንደ ሰሃን ያብለጨልጫል። ሰው የውስጥ ሱሪውን በመስኮት አስጥቷል፣ ቱሪስቶቹ ያንን ፎቶ ያነሳሉ። አንድ የፈረሰ ቤተክርስቲያን ፊት ቆምን፣ ጣሪያ የለውም፣ ሰማዩ ይታያል። ጋይዱ በጆሮዬ ብዙ አወራ። ልጄ ስትተረጉምልኝ፣ ጥንት በበዓል ቀን ሰዉ ቤተክርስቲያን ውስጥ እንዳለ መሬት ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ባሕሩ መጣ፣ ከዚያ እሳቱ።

"ማን ቀበራቸው?" አልኩ።

"እማዬ..."

"ጠይቂልኝ።"

ጠየቀችልኝ። ጎረምሳው ትንሽ አሰበና እንደማያውቅ ተናገረ፣ ከዚያ ጃንጥላውን አንስቶ መንገዱን ቀጠለ። ሌሎቹ እኔን አይተው ፈገግ አሉ። እኔ ግን የምሬን ነው። ያን ሁሉ ሰው ማን ገንዞ ቀበረው፣ ማንስ አለቀሰለት?

ትንሽ እንደሄድን ልጄ ፎቶ ልታነሳ ወደኋላ ቀረች። እኔ ጠባብ መንገድ ዳር አንድ በር ገርበብ ብሎ አየሁ። ውስጡ ጨለም ያለ ነው። ሰው በዝምታ ተቀምጧል፣ በየጠረጴዛው ሻማ በርቷል። ጥቁር የለበሰች ሴት ጥቁር ፎጣ ትከሻዋ ላይ ጥላ፣ ዓይኗን ጨፍና ቆማለች። የምታወጣው ድምፅ ጀርባዬን ነካው። ማንም አይናገርም፣ ማንም አይንቀሳቀስም። አንድ ሽማግሌ ግንባሩን በእጁ ይዞ አቀርቅሯል።

ለቅሶ ቤት ነው አልኩ በልቤ።

ለቅሶ ቤት አይቶ ማለፍ ደግሞ አልተማርኩም። ጥቁር ለብሻለሁ፣ ሻርፔም ጥቁር ነው፤ ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ? ባቄላዬን ከጆሮዬ አወጣሁ፣ ጎረምሳው እዚያ ውስጥ ማውራቱን አያቆምም መቼም። ጎንበስ ብዬ ገባሁና ማንንም ሰላም ሳልል በሩ አጠገብ ያለ ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። እኛም እንዲሁ ነን፤ ለቅሶ ቤት ሲገባ ሰላምታ የለም። ሁለት ሰዎች ጊታር ይዘዋል። ገረመኝ፣ ግን ድሮ ለትልቅ ሰው ለቅሶ ከበሮ ሲመታ አይቻለሁ፣ የእነሱ በጊታር ይሆናል አልኩ። ሴትዮዋም አልቃሽ ናት። እኔ ልጅ ሳለሁ ለለቅሶ የምትጠራ ሴት ነበረች፣ የሟቹን ነገር እያነሳች ሰዉን ሁሉ የምታስነባ። ይችኛዋ ከዚያችም ትበልጣለች።

አንድ ሰውዬ ዳቦና የወይራ ፍሬ አምጥቶ ፊቴ አስቀመጠ፣ ቃል ሳይናገር። ጾም ነበር። ጾሜን ያወቁልኝ መሰለኝና አንገቴን ዝቅ አድርጌ አመሰገንኩ።

ጎኔ የተቀመጠች ፈረንጅ እንባዋ እየወረደ ነው። ጊታር የያዘው አንደኛው እንኳ ዓይኑ ቀልቷል። እኔ ባለቤቴን አሰብኩት። እጁን አሰብኩት፣ ዲያሊሲስ ያሳበጠውን ክንዱን። የመጨረሻው ቀን ውሃ ሲለኝ የሆስፒታሉ ነርስ አይሆንም ስትለኝ፣ እኔም እሺ ማለቴን አሰብኩ። ና እንግዲህ አልኩት እንባዬን፣ ሁሉ ዝግጁ ነው፣ ቤቱ ጨልሟል፣ አልቃሿ ቆማለች። አልመጣም። ዳቦዬን አኘኩ።

ልጄ በሩ ላይ ደረሰች፣ ሮጣ ስለነበር ትንፋሿ ይቆራረጣል። እኔን አየች፣ ሴትዮዋን አየች። የሙዚቃ ቤት መሆኑን ወዲያው አውቃለች፣ እኔ ግን ያኔ አላወቅኩም። በእጄ ተቀመጪ አልኳት። ፊቴን አይታ ነው መሰለኝ ተቀመጠች።

ሴትዮዋ ስትጨርስ ሰዉ አጨበጨበ። ይሄስ ምን ዓይነት አገር ነው አልኩ። ተነሳሁና ያቀረቀረው ሽማግሌ ጋ ሄጄ ትከሻውን ያዝኩት።

"እግዜር ያጥናዎት" አልኩት። "የሞተብዎት ማን ነው?"

ልጄ አልተረጎመችልኝም። ሽማግሌው ጥቁር ልብሴን ከላይ እስከ ታች አየና እጄን ስሞ በራሱ ቋንቋ ረጅም ነገር ነገረኝ። እኔም በአማርኛ "ምን ይደረግ፣ የሁላችን መንገድ ነው" አልኩት። ተግባባን።

ውጭ ስንወጣ ልጄ መሳቅ ጀመረች። ግድግዳ ተደግፋ፣ ሆዷን ይዛ። "እማዬ፣ ሬስቶራንት እኮ ነው፣ ዘፋኝ እኮ ናት" አለችኝ። እኔም ሳቅኩ፣ ለምን አልስቅ? ከዚያ ሳቋ ተለወጠ። ደረጃው ላይ ዝርግፍ ብላ ተቀመጠችና "አባዬ፣ አባዬ" ማለት ጀመረች። አራት ወር ያጠራቀመችው ነው። አጠገቧ ተቀምጬ ጀርባዋን አሸሁ። ቱሪስቶች ይዘሉናል። አንገቴ ላይ የተንጠለጠለው ባቄላ በሩቁ ይንጫጫል፣ ጎረምሳው አሁንም እያወራ ነው።

ሲበቃት ቀና አለችና በሁለት እጇ ጉንጬን ዳበሰችው፣ ለሕፃን ትኩሳት እንደሚታይ። ደረቅ ነው።

"ትንሽም?" አለችኝ።

"ትንሽም የለም፣ የኔ ልጅ።"

እጇን ከጉንጬ አወረደች። ሬዲዮውን መለስንና ሆቴላችን ገባን።

ሮቢንስዴል ስንመለስ በረዶው ገና አልቀለጠም። አጥሬን ተሻግራ የምትኖር የወለጋ ሴት አለች፣ ዕድሜዋ እንደኔው፣ ጴንጤ ናት፣ አፏ ላይ ማር አልተቀባም። ኩሽናዬ ተቀምጣ ሁሉንም ነገርኳት፤ ጃንጥላውን፣ ወይራውን፣ እግዜር ያጥናዎት ያልኩትን ሽማግሌ። አሳምሬ ነው የነገርኳት፣ ትስቃለች ብዬ። አልሳቀችም። በመስኮቱ ግቢዬን አየት አድርጋ ወደኔ ዞረች።

"ባልሽ ከእንግዲህ መኪና አይነዳም" አለችኝ። "አንቺ ግን በየጠዋቱ ወጥተሽ ሞተር አስነስተሽ መኪናውን ታሞቂለታለሽ፣ በመስኮት ሁልጊዜ አይሻለሁ። ቁልፉን ለልጅሽ ስጪና ይሸጥ፣ ያኔ ታለቅሻለሽ።"