ያሳጠርኩት ቃል

አብርሆት የዶክተር ተክለጻድቅ ተማሪ ነበረች፤ አሁን እዚህ ቦንጋ ታስተምራለች። ለመታሰቢያቸው በሚታተመው መጽሔት ላይ እንድጽፍ ጠየቀችኝ። እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም ብላት፣ "ጋሽ ወልደሥላሴ፣ ስለ ትምህርታቸው እኛ እንጽፋለን። እርስዎ ስለ መንገዱ ይጻፉ" አለችኝ። ሦስት ቀን ወረቀቱን ይዤ ተቀመጥኩ። ከመንገዱ ሁሉ የሚመጣልኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። እሱን ደግሞ ለሚስቴም ሙሉውን አልነገርኳትም።

ዶክተር ተክለጻድቅ የሶሲዮሎጂ ምሁር ነበሩ። ማን ከማን ጋር እንደሚበላ፣ ማን ማንን እንደሚቀብር ያጠናሉ። በ1994 ዓ.ም. ክረምቱ እንደወጣ ከአዲስ አበባ መጡ። እኔ ያኔ ማንኪራ ጫካ ውስጥ ቀፎ እሰቅል ነበር። አማርኛም የካፋውን ቋንቋ ካፊኖኖንም ስለምችል አስተርጓሚያቸው ሆንኩ፤ ቦርሳቸውንም እይዝ ነበር። ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ዳገት ላይ ስንደርስ ቆም ይሉና "ይሄ ዛፍ ምን ይባላል?" ይሉኛል። ለማረፍ እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው።

አንድ ደንብ ነበራቸው። የሰው ቃል ደብተራቸው ላይ ከጻፉ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሰው ለተናጋሪው ያነቡለታል። "ቃሉ የእሱ ነው፣ እኔ ተሸካሚ ነኝ። ዕቃ ስታደርስ ባለቤቱ ፈትቶ ያየዋል አይደል?" ይሉ ነበር።

ከማንኪራ አለፍ ብሎ፣ ጫካው ጥግ፣ እትዬ ትርንጎ የሚባሉ ሴት ነበሩ። እንጨትና ከሰል ተሸክመው ቦንጋ ገበያ ይወርዳሉ። ማንጆ ከሚባሉት ወገን ናቸው። በእኛ አገር ከጥንት ጀምሮ ከእነሱ ጋር አብሮ አይበላም፣ እነሱም ሰው ቤት አይገቡም ነበር። ይህን ሁሉም ያውቀዋል። ሁሉም ስለሚያውቀው ነው መሰለኝ የማይነገረው።

ዶክተሩ "እትዬ ትርንጎ፣ እንደምን አሉ?" ብለው ሁለት እጃቸውን ዘረጉላቸው። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ "አንቺ ትርንጎ" ነበር የምላቸው።

"ገበያ ሲሄዱ መንገድ ላይ ውሃ ቢጠማዎት ምን ያደርጋሉ?" ብለው ጠየቋቸው። እኔ ወደ ካፊኖኖ መለስኩት።

እትዬ ትርንጎ ብዙ ተናገሩ። "ደጅ ቆሜ እጣራለሁ። ውሃውን በኮባ ቅጠል ያፈሱልኛል። ጠጥቼ ስሄድ ቅጠሉን በእንጨት ገፍተው ይጥሉታል። ውሻቸው እንኳ ጣባ አለው። አንድ ጊዜ እርጉዝ ሆኜ ዝናብ ደበደበኝ፤ ከጣሪያው ሥር ቁሚ ያለኝ የለም። የዚህ ልጅ አባት ቤት ነው ያ" ብለው በአገጫቸው ወደ እኔ አሳዩ።

"ምን አሉ?" አሉኝ ዶክተሩ።

"መንገድ ላይ ያሉ ሰዎች ውሃ ይሰጡኛል፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው አሉ።"

ጻፉት። እትዬ ትርንጎ ብዕሩ ቶሎ ሲቆም አዩና "እንዴ! እኔ ይህን ሁሉ አወራሁ፣ ይሄ ልጅ በአንድ ትንፋሽ ጨረሰው። አማርኛ እንዲህ አጭር ነው?" አሉ።

"አሁንስ ምን አሉ?"

"ደክሞኛል አሉ።"

ሁለት ሳምንት ሞላ። ለማንበብ ጠዋት ተነሥተን ሄድን። ሌላ ውሸት ጨምሬ ላልፈው እችላለሁ። እሳቸው ካፊኖኖ አያውቁም፤ የእትዬ ትርንጎም አማርኛ ከገበያ ዋጋ አያልፍም። በሁለቱ መሃል ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። ያስፈራኝም እሱ ነው።

ዳገቱ ላይ ቆሙ። "ይሄ ዛፍ ምን ይባላል?"

"ዶክተር፣ ዛፉን ይተዉት። እትዬ ትርንጎ ያሉትን አልነገርኩዎትም።"

የቅጠሉን ነገር ነገርኳቸው። የአባቴን ቤት ግን ዘለልኩት። ሥራው አበቃ ብዬ ቦርሳቸውን ዘረጋሁላቸው፤ አልተቀበሉኝም። "ጥፋቱ የእኔም ነው" አሉ። "ረጅም ነገር አጭር ሆኖ ሲመጣ ሰምቻለሁ። ፊትህን አይቼ ተውኩት።"

ደብተሩን ገልጠው ብዕሩን ሰጡኝ። "ጻፈው።"

"እኔ? ፊደሌ እኮ..."

"ያሳጠረው ሰው ያስረዝመው።"

የዛፍ ሥር ላይ ተቀምጬ ጻፍኩ። ግማሽ ገጽ ስጨርስ ፀሐይዋ አናታችን ላይ ደርሳለች። አንድም ጊዜ ፍጠን አላሉኝም። ጉልበታቸውን እያሹ ጠበቁኝ።

ለእትዬ ትርንጎ ያነበብኩት እኔው ነኝ፣ መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥሎ በካፊኖኖ። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና "የማን ቤት እንደሆነ አላልክም" አሉ። እውነት ነው፣ "አንድ ቤት" ብዬ ነበር የጻፍኩት።

"ምን አሉ?" አሉ ዶክተሩ።

"የማን ቤት እንደሆነ አልጻፍክም አሉኝ።"

"የማን ነው?"

"የአባቴ።"

ዶክተሩ ብዕሩን መልሰው ሰጡኝ። የአባቴን ስም ጻፍኩ። እትዬ ትርንጎ ማንበብ ስለማይችሉ ከሰል ያጠቆረ ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ አድርገው "ይሄ ነው?" አሉኝ።

"አዎ፣ እሱ ነው።"

"አሁን አማርኛው ረዘመ" አሉ።

ከዚያ በኋላ ዶክተሩ ዐሥራ አራት ዓመት ደብዳቤ ጻፉልኝ። ካልመለስኩ ይቆጡኛል፤ አጭር ከሆነም "ረዘም አድርገህ ጻፍ" ይሉኛል። አሁን የምጽፈውን ያህል የቻልኩት በዚያ ነው። መጽሐፋቸውንም ልከውልኛል። የእትዬ ትርንጎ ቃል ሳይጎድል አለበት፤ ቤቱ ግን "የአንድ አባወራ ቤት" ነው የሚለው። ስልክ ደውዬ ለምን ብዬ ጠየቅኳቸው።

"የሰውን ስም መሸፈን የሙያችን ደንብ ነው" አሉኝ። "መግለጥ ከተፈለገ ፈንታው የአንተ ነው። ጊዜው ሲመስልህ።"

እትዬ ትርንጎ ከዶክተሩ ሁለት ዓመት ቀድመው አረፉ። አፈር ካለበስናቸው አንዱ ነኝ። ለዶክተሩ ይህንኑ ስጽፍላቸው የመለሱልኝ ደብዳቤ አንድ መስመር ብቻ ነበር፤ ረጅም ያልጻፉልኝ ያኔ ብቻ ነው። ባለፈው ጥቅምት እሳቸውም አረፉ። አዲስ አበባ ለቀብር አልደረስኩም።

እንግዲህ ጊዜው አሁን መሰለኝ። ቤቱ የአባቴ፣ የአቶ ከፈለኝ፣ ቤት ነው። እትዬ ትርንጎ እርጉዝ ሆነው ደጃችን የቆሙ ዕለት ዐሥር ዓመት ቢሆነኝ ነው፤ ዝናብ ነበር። የኮባውን ቅጠል ከጓሮ የቆረጥኩት እኔ ነኝ። በእንጨት ገፍቼ የጣልኩትም እኔ ነኝ። ይህን ለዶክተሩም አልነገርኳቸውም ነበር።