መብሩካ እና የደም ምርመራው
መብሩካ ባሏ ከሞተ ወዲህ ሰበታ ያለውን የጨርቅ ሱቃቸውን ብቻዋን ታስተዳድራለች። በኋላ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ እንኳ ብርድ ብርድ ይላት፣ ደንበኛ እያነጋገረች እንቅልፍ ይጥላት ጀመር። ጎረቤቶቿ «ሐዘን ነው» ሲሏት አመነች። እየባሰባት ሲሄድ ግን ክሊኒክ ሄዳ ለምርመራ ደም ሰጠች።

ሐኪሙ ውጤቱን አይቶ፣ «የታይሮይድ እጢን የሚያዘው፣ ቲኤስኤች የሚባለው ሆርሞን ከፍ ብሏል» አላት።

«እጢዬ ከልክ በላይ ሠራ ማለት ነው?»

«የለም እናቴ፣ ተቃራኒው ነው። አንገትዎ ውስጥ ያለው የታይሮይድ እጢ ሲደክም፣ አንጎልዎ ‹ሥራ እንጂ!› እያለ አብዝቶ ይጣራል። ከፍ ያለው ጥሪው ነው።»

ሐኪሙ ያዘዘላትን ኪኒን በየማለዳው በባዶ ሆዷ ትውጥ ጀመር። ከወራት በኋላ የደሟ ውጤት ተስተካከለ፤ ብርዱም ድካሙም ተዋት። ደስ ብሏት ሐዋሳ ላለው ልጇ ለኡዘይር ብትደውል አላነሳም። ማታ ለራሷ ብቻ እራት አቅርባ ሳትነካው ቆየች። የባሏ ናፍቆት ግን እንደነበረ ነበር።