የጠጂቱ አርቪ የት አደረ

ጠጂቱ ብዙ ዘመን የኖረችው በቶሮንቶ ኤርፖርት አጠገብ ባለ ሆቴል የእንግዳ አልጋ ስታነጥፍ ነው። የስንት አገር ሰው አንሶላ ቀይራለች፣ የስንቱን የተረሳ ካልሲና መነጽር ሰብስባለች። ከየት መጥተው ወዴት እንደሚሄዱ ሳትጠይቅ ያሳለፈችው እንግዳ የለም። የእሷ መንገድ ግን ከሥራ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ቸርች ብቻ ነበር። ጡረታ የወጣች ሰሞን አንድ ቀን ቁርስ ላይ፣

"እኔም ልሂድ እንግዲህ" አለች።

"የት?" አላት ባሏ ሙሉነህ።

"የትም! መንገድ!"

ሙሉነህ ዳቦ ፋብሪካ የሚሠራ ረጋ ያለ ሰው ነው። ሳቅ ቶሎ አይመጣለትም። አንዴ ከመጣ ግን የሚያቆመው የለም፤ እንባው ይወርዳል፣ ወገቡን ይይዛል፣ ግድግዳ ይደገፋል። ያን ቀን ሻዩን ጠጥቶ ወደ ሥራው ሄደ።

ነገሩን የያዘችው ልጃቸው ናኦሚ ናት።

"ማሚ፣ አርቪ ሬንት አደርግልሻለሁ። ሰርፕራይዝ ነበር፣ ግን ኦኬ።"

"አርቪ ደግሞ ምንድን ነው?"

"ኢትስ ላይክ... ቤት ነው። ግን ይነዳል።"

አልጋ፣ ምድጃ፣ ፍሪጅ፣ ሽንት ቤት ሳይቀር ያለው መኪና መሆኑን ፎቶው ላይ ስታይ ጠጂቱ ከሶፋው ብድግ አለች። መንዳቱ አላስፈራትም፤ አረጋውያንን ወደ ቸርች የሚያመላልሰውን ቫን ስትነዳ ኖራለች። በዚያው ሳምንት ፍሌሚንግደን ፓርክ የሚኖሩበትን ሕንፃ በየፎቁ እየዞረች ተሰናበተች። የታችኛው ፎቅ ፓኪስታናዊት አንድ ትሪ ሳምቡሳ አሸከመቻት። ቸርች ላይም ተጸለየላት።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መኪናውን ሊረከቡ ሄዱ። አከራዩ ንጹሕ ውኃ በዚህ፣ ቆሻሻው በዚያ፣ ጋዙ እንዲህ እያለ ሲያስረዳ ሙሉነህ እያንዳንዱን ነገር ሁለት ሁለት ጊዜ ስለጠየቀ የወጡት ዘግይተው ነው። አውራ ጎዳናው ላይ ሲደርሱ ደግሞ የቶሮንቶ ሰው ሁሉ ወደ ሐይቅ የሚሄድ ይመስል መንገዱ ቆሟል። ቦታ የያዙበት የካምፕ ግቢ በሩን ሳይመሽ ይዘጋል።

"እንደርሳለን ሙሌ?"

"በዚህ አነዳዳችን በረዶ ይደርስብናል" አላት።

ገና ከቶሮንቶ ሳይወጡ፣ ምሥራቅ ዳሯ ስካርቦሮ ላይ ከአውራ ጎዳናው ወጡ። አርቪ ያላቸው ሰዎች በትልልቅ ሱቆች ፓርኪንግ እንደሚያድሩ ጠጂቱ ከሆቴል እንግዶች ሰምታለች። አንዱ ጋ ገብታ ቆመች። ከፊት ለፊቷ "ማደር ክልክል ነው" የሚል ሰሌዳ፣ ከሰሌዳው ሥር ደግሞ ቁምጣ የለበሱ ረጅም ሽማግሌ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ያንኑ ያነባሉ። ከኋላቸው የእሳቸውም አርቪ ቆሟል።

ወጣት የጥበቃ ሠራተኛ መጣና ለሁለቱም "ሶሪ፣ ሶሪ" እያለ እንደማይቻል ነገራቸው።

ሽማግሌው ሄንክ ይባላሉ፤ ሚስታቸው ማራይከ። ከሆላንድ መኪናቸውን በመርከብ አስጭነው መጥተው ካናዳን እየዞሩ ነው። ያለ ካምፕ ማደር እንግዳቸው አይደለም።

"ገበሬ ቤት አድረናል" አሉ ማራይከ፣ "ወይን ጠጅ የሚጠምቁ ሰዎች ግቢም አድረናል። ሱቅ፣ ቸርች... አስፈቅዶ ነው እንጂ የማይታደርበት የለም። ቶሮንቶ ግን አስቸገረን።"

ጠጂቱ "ቸርች" የሚለውን ከሰማች በኋላ ሌላው አልተሰማትም። ሙሉነህ ቀስ ብሎ፣

"ጠጄ፣ ቤታችን እኮ እዚሁ ነው" አላት።

"ያን ሁሉ ሰው ተሰናብቼ? ለዚያችስ ሳምቡሳ ለሰጠችኝ ሴት ምን ልላት ነው? ደግሞስ ይሄ ቁመት በእኛ ፓርኪንግ በር ይገባል?"

ወዲያው የቸርቹን ቁልፍ ለሚይዙት ሽማግሌ ለጋሽ በየነ ኮል አደረገች።

"ጋሽ በየነ፣ እንደምን አመሹ?"

"አንቺ! ሄደሻል አልተባለም እንዴ?"

"መሄዱንስ ሄጃለሁ።"

"የት ደረሳችሁ ታዲያ?"

"ስካርቦሮ።"

በስልኩ የጋሽ በየነ ሳቅ መጣ።

"በግቢያችን እንድናድር ይፈቅዱልናል? እንግዶችም ይዣለሁ፣ ከሆላንድ።"

"ከሆላንድ! ከቤት የወጣሽው ገና ዛሬ አይደል እንዴ? በሉ ኑ፣ በሩን እከፍትላችኋለሁ። ግን ነገ እሑድ መሆኑን እንዳትረሺ።"

እሷ ግን ረስታዋለች።

ቸርቹ ያለው ዌስተን ነው፤ ከስካርቦሮ ከተማውን ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥ ይጠይቃል። የኤግሊንተንን መንገድ ይዘው ወደ መጡበት ተመለሱ፣ ሆላንዶቹ ከኋላ ተከተሉ። ፍሌሚንግደን ፓርክ ሲደርሱ ሕንፃቸው ከሩቅ ታየ። ሙሉነህ መስኮቱን ዝቅ አደረገና በኩራት እጁን አውለበለበ።

"ማንን ነው?"

"በረንዳችንን። ደህና ሁን እያልኩት ነው።"

ይህን ሲናገር ሳቁ መጣ፤ ጠጂቱንም ይዟት ሄደ። መሪውን በሁለት እጇ ጨብጣ "ተው፣ እገጫለሁ!" ትላለች፣ እሱ ዳሽቦርዱ ላይ ተደፍቷል። ቀይ መብራት ላይ የሄንክ መኪና ጎናቸው መጥቶ ቆመ።

"ሰላም ነው? መኪናችሁ ይንቀጠቀጣል!"

"ሰላም ነው!" ብላ ጮኸች ጠጂቱ። "ባሌ እየሳቀ ነው!"

ዌስተን ሲደርሱ ጋሽ በየነ በሩን ከፍተው ቆመዋል። የማራይከ አይብና የፓኪስታናዊቷ ሳምቡሳ አብረው ተበሉ። ወደ ኤርፖርት የሚሄደው ባቡር በአጠገባቸው ባለፈ ቁጥር ጠጂቱ የሠራችበት ሆቴል ያለበትን አቅጣጫ በጣቷ ታሳያለች፤ ሆላንዶቹም በየጊዜው እንደ አዲስ ይገረማሉ።

ጠዋት ሄንክ ጥርሳቸውን እየፋቁ፣ ባለ መስመር ፒጃማቸውን እንደለበሱ በሩን ከፍተው ወረዱ። ግቢው በመዘምራን ተሞልቷል። ቀይ ልብስ የለበሱ ሴቶች ተደርድረው አዩዋቸው።

"ጌታ ይባርክዎት!" አሉ ሁሉም በአንድ ድምፅ።

ሄንክ አፋቸው አረፋ እንደሞላ እጅ ነሱ።

የመዘምራኑ መሪ ሆሣዕና የሁለተኛውን አርቪ በር አንኳኳች።

"ጠጂቱ? አንቺ አልሄድሽም እንዴ?"

"እየሄድኩ ነው!" አለች ጠጂቱ ከውስጥ፣ አንድ ጫማዋን ከአልጋው ሥር እየፈለገች።

በአምልኮው መካከል መድረክ መሪው እንደ ልማዱ "ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣችሁ እንግዶች ቁሙልን" አለ። ጠጂቱ ስትተረጉምላቸው ሄንክና ማራይከ ቆሙ። ሙሉነህም አብሮ ቆመ።

"ወንድም ሙሉነህ" አለ መሪው ግራ ተጋብቶ፣ "አንተ ደግሞ ከየት ነው የመጣኸው?"

"ከፍሌሚንግደን ፓርክ።"

"ወዴት ነህ?"

"እሱን አልደረስንበትም።"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። መሪው ማይኩን ከአፉ አርቆ ጀርባውን ለሕዝቡ ሰጠ፤ ከበሮ መቺው ከወንበሩ ሊወድቅ ነበር። ጭብጨባው የእንግዳ ሳይሆን የሙሽራ ነበር የሚመስለው።

ከአምልኮ በኋላ ሕፃናቱ አርቪውን ለማየት ተሰለፉ። ሽንት ቤቱን ያላየ አልቀረም። ጋሽ በየነ የሹፌሩ ወንበር ላይ ወጥተው መሪውን ይዘው አልወርድ አሉ፤ ያወረዳቸው የምሳ ጥሪ ነው።

በመጨረሻ ሄዱ፣ ከሆላንዶቹ ጋር ወደ ምሥራቅ። አንድ ቀን ያደሩት የፖም እርሻ ውስጥ ነው። ባለቤቷን አስፈቅደው፣ ጭማቂዋን ገዝተው፣ ጠዋት መስኮታቸውን ሲከፍቱ ቅርንጫፍ ወደ ውስጥ ገባባቸው። ሌላ ቀን ማራይከ የወይን ጠጅ ጠማቂ ቤት አገኙ።

"እኛ? ጠጅ ቤት?" አለ ሙሉነህ። "ተመስገን፣ ናኦሚ ፎቶ ልታነሳን አብራን አልመጣችም።"

የወይን ማርማላታ ብቻ ገዝተው ግቢው ውስጥ እንደ ሕፃን ተኙ።

ተመልሳ ስትመጣ ጠጂቱ ለቸርቹ ሽማግሌዎች ጥያቄ አቀረበች፦ ግቢያችን ከእሑድ በቀር ባዶ ነው፤ መንገደኛ ይደርበት። ተስማሙ፣ ኃላፊነቱም ለእሷ ተሰጠ። ሄንክና ማራይከ በየደረሱበት ለመንገደኛ ሁሉ ነግረው ኖሮ በቀጣዩ በጋ ስልኳ አላርፍ አለ። የኒውዚላንድ እህትማማቾች መጡ፤ አንድ ፈረንሳዊም ከነድመቱ ሦስት ቀን ተቀመጠ። ማንም ሲመጣ ጠጂቱ ከየት፣ ወዴት ብላ ትጠይቅና እሑድ ከሆነ የመዘምራኑን ሰዓት ታስጠነቅቃለች።

ይህን የማወራችሁ እኔም ባለፈው ዓርብ በዚያ ሳልፍ አየኋት። ከጀርመን የመጣ፣ የአውቶቡስ ያህል ግዙፍ አርቪ በጠባቡ በር ኋሊት እየገባ ነው። ጠጂቱ ከኋላው ቆማ ሁለት እጇን እያወዛወዘች "ና! ና! ና! በቃ፣ ቁም!" ትላለች። ጀርመኑም ከአጥሩ አንድ ስንዝር ቀርቶት ልክ ቆመ።