የጣሪያ ሠሪው ግንባር

ሰፈሩ «ጨረቃ» ይለው ነበር። ከተወለደ ጀምሮ ቆዳውም ፀጉሩም ነጭ ነው። ጋሼ የሚለው ታላቅ ወንድሙም እንደሱው ነበር፤ አንገቱ ላይ የወጣ ቁስል አልድን ብሎ በሠላሳ አራት ዓመቱ ተቀበረ። ከዚያ ወዲህ እናታቸው ከጥላ እንዳይወጣ ብትለምነውም፣ ጨረቃ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ጣሪያ ላይ ወጣ። ሃያ ሁለት ዓመት ቆርቆሮ መታ። እሱ የመታው ጣሪያ አያፈስም ይባልለታል።

ግንባሩና ጆሮው ላይ እንደ ብርጭቆ ወረቀት የሚሻክር ነገር ሲወጣበት በጥፍሩ እየፋቀ ኖረ። አንድ ቀን ግን ግንባሩ ደምቶ ኮፍያው ተጣበቀበት። አብራው የምትኖረው ታላቅ እህቱ አየችው።

«ምንም አይደል እትዬ፣ ምስማር ጭሮኝ ነው።»

«ጋሼም መጀመሪያ ጭሮኝ ነው ይል ነበር» አለችና እጁን ይዛ ሆስፒታል ወሰደችው።

ሐኪሟ የሻከሩትን ቦታዎች በማጉያ መነጽር አንድ በአንድ አየቻቸው። «ገና ካንሰር አልሆኑም። ዝም ካልናቸው ግን ሊሆኑ ይችላሉ። በብርሃን እናክማቸዋለን።»

ጨረቃ ሳቀ። «ዶክተር፣ ለዚህ ያበቃኝ ብርሃን አይደል እንዴ?»

«ያ የፀሐይ ነው። ይሄኛው ቀድመን የምንቀባህ ቅባት የገባበትን የታመመ ቦታ እየለየ ነው የሚያቃጥለው።»

ነርሷ ቅርፊቱን ፋቅ ፋቅ አድርጋ ቅባቱን ቀባችውና ሸፍና ሦስት ሰዓት ሙሉ አስጠበቀችው። ከዚያ ዓይኑን በጥቁር መነጽር ጋርዳ ቀዩን መብራት አበራችበት። መጀመሪያ ሞቅ አለው፤ ቀጥሎ ሺህ መርፌ ባንዴ የተተከለበት መሰለው። ከጣሪያ ወድቆ እግሩ ሲሰበር ያላለቀሰ ሰው፣ እንባው ከመነጽሩ ስር ወረደ።

«አይዞህ፣ አራት ደቂቃ ቀረን» ትለዋለች ነርሷ፣ ቀዝቃዛ ውኃ እየረጨችበት።

ቅባቱ ከቆዳው እስኪወጣ ብርሃን እንዳይነካው ስለተባለ፣ ሁለት ቀን ቤቱ መስኮቱ በብርድ ልብስ በተጋረደ ክፍል ተቀመጠ። ፊቱ አብጦ ቀላ፤ ከዚያ ተላጠ። እህቱ ምግብ ይዛለት ገብታ፣ «ጋሼ ይሄን አግኝቶ ቢሆን ኖሮ...» ብላ ጀመረችና ሳትጨርሰው ወጣች።

በሦስተኛው ወር ግንባሩ ለሰለሰ። የጆሮው ግን አልጠፋም፤ ተቆርጦ ሲመረመር ካንሰር ሆኖ ተገኘ። የጆሮውን ጫፍ አነሱለት።

«ይሄን አውጥተነዋል» አለችው ሐኪሟ። «ሌላ ሊወጣብህ ስለሚችል ግን በየስድስት ወሩ ና። ጣሪያ ደግሞ በቃህ።»

አሁን ከአንድ ቆርቆሮ መሸጫ ጓሮ፣ መስኮት በሌለው መጋዘን ውስጥ ቆርቆሮ በልክ ይቆርጣል። የድሮ የጣሪያ ሥራ ጓደኞቹ ቆርቆሮውን ጭነው ሊወጡ ሲሉ ልኩን ይነግራቸዋል። ያልጠየቁትንም አገጣጠም እየዘረዘረ፣ ሾፌሩ ሞተር እስኪያስነሳ ድረስ መኪናውን ይዞ ያወራል።